ጥርስን ቶሎ ለማቃናት አጥንት ይቆረጣልን?



ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ጥርስ ነው። ጥርስ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ሕመሙ ይሄዳል፤ እንቅልፍ ወደሚነሣው፣ ጉንጭ ወደሚያሳብጠው፣ በመጨረሻም ሐኪም ቤት ሄደን ወደምናስነቅለው ጥርስ ማለት ነው። የዛሬው ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሳያምም ተጣቦና ጠምሞ ስለ በቀለ ጥርስ፣ እሱንም በሽቦ ስለ ማቃናት፣ ከዚያም አልፎ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ሲባል በጥርሱ ዙሪያ ያለውን አጥንት በጥቂቱ ስለ መቁረጥ ነው።

«ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ጉድ ነው?» የምትሉ እናቶች እንደምትኖሩ አውቃለሁ። በመጀመሪያ ስሰማው እኔም ያልሁት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ከከፈተ ወዲህ በከተማችን ጥርሱን በሽቦ ያሰረ ወጣት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያየውን የከተማው ልጅ ይመኛል፤ የከተማው ልጅ የተመኘውን እናቱ ትጠየቃለች። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማወቁ ለማናችንም አይጎዳም።

ጉዳዩ ወደ እኛ ቤት የገባው በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ልጅቱ 24 ዓመቷ ሲሆን፣ ከመካነ ሰላም ብዙም በማይርቅ የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። የላይኛው ጥርሷ በግራ በኩል ተጣቧል፤ ክራንቻዋ ቦታ አጥቶ ከድዷ ከፍ ብሎ ወጥቷል። በቀኝ በኩል ደግሞ ክራንቻው ጨርሶ የለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሥቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ልማድ ሆኖባት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ ስታስተምር እንኳ ሳታውቀው እጇ ወደ አፏ ይሄዳል።

ታዲያ ልጅቱ በታጨች ጊዜ እናቷ «ሠርጓ ሳይደርስ ጥርሷ ይቃናላት» ብላ ተነሣች። አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የጥርስ ሕክምና ቤት ሄዱ። ሐኪሙ ሁለት መንገድ ነገራቸው። አንደኛው ሽቦ ብቻ ማሰር ሲሆን፣ ይህ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል። ሁለተኛው ከሽቦው ጋር በጥርሶቹ መካከል ያለውን አጥንት በትንሽ ቀዶ ሕክምና መቁረጥ ነው፤ ይህም ከተሳካ ሥራው በስምንት ወር ገደማ ሊያልቅ ይችላል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። እህቴ ወዲያውኑ «ወይፈኑን ሸጬም ቢሆን በስምንት ወሩ ይሁንልን» አለች። ልጅቱ ደግሞ ፈራች፤ እናቷን እንዳታስቀይም ግን ዝም አለች። በመጨረሻ ለብዙ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርሁ ነኝና ሁለቱም ወደ እኔ መጡ። እኔም ሐኪሞችን ጠየቅሁ፣ መጻሕፍትንም አገላበጥሁ። ያገኘሁትን ለእነሱ እንደ ነገርኋቸው ለእናንተም ልንገራችሁ።

ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንዴት ይሄዳል?

ጥርስ በመንጋጋችን ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ ይመስለናል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ማንኛውም ሽቦ ሊያነቃንቀው ባልቻለ ነበር። በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ መካከል ስስ የሆነ፣ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ያህል የሚሆን ጅማታም ክፍል አለ። በዚህ ስስ ክፍል ውስጥ የደም ሥሮችና ነርቮች ያልፋሉ። ምግብ ስናኝክ ጥርሳችን በትንሹ የሚረግበውና ኃይሉን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሽቦው ጥርሱን በዝግታ ሲገፋው፣ በሚገፋበት በኩል ያለው ጅማት ይጨመቃል፤ በስተኋላው ያለው ይወጠራል። በተጨመቀው በኩል አጥንትን የሚያሟሙ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ። በተወጠረው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት ሥራቸውን ይጀምራሉ። በዚህ ዓይነት አጥንቱ ከፊቱ እየፈረሰ፣ ከኋላው እየተሠራ ጥርሱ ቦታውን ይለውጣል። ፍጥነቱም በአማካይ በወር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ጥርስ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ፣ ከዚያም ጎረቤቶቹ ተስተካክለው የላይኛውና የታችኛው በሚገባ የሚገጥሙ ከሆነ፣ ሁለት ዓመቱ ከምን እንደ መጣ መገመት አያዳግትም።

አንዳንድ ሰዎች «ሽቦውን አጥብቁልኝ፣ ሕመሙን እችለዋለሁ» ይላሉ። ይህ ግን አይጠቅምም። ኃይሉ ከመጠን ሲያልፍ በተጨመቀው በኩል ደም መመላለሱን ያቆማል፤ አጥንት የሚያሟሙት ሕዋሳትም እዚያ ሊደርሱ አይችሉም። ጥርሱ ለሳምንታት ባለበት ይቆማል፤ የባሰ ሲሆንም የጥርሱ ሥር ራሱ እየተበላ ያጥራል። ስለዚህ ሐኪሙ በዝግታ ሲሄድ ብታዩት ስንፍና አይምሰላችሁ።

መቁረጡ ለምን ያፋጥናል?

እጅ ወይም እግር ሲሰበር ምን እንደሚሆን በየቤታችን እናውቃለን። ወጌሻም ጠገነው ሐኪም፣ አጥንቱ ከጊዜ በኋላ ራሱ ይገጥማል። ይህ የሚሆነው አደጋው በደረሰበት አካባቢ ሰውነት ሥራውን ስለሚያበዛ ነው። ወደዚያ የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ በስብራቱ ዙሪያ ያለው አጥንት ለጊዜው ማዕድኑን እየለቀቀ ይለሰልሳል፤ ማፍረሱም መገንባቱም ከወትሮው እጅግ ይፈጥናል። ሃሮልድ ፍሮስት የተባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ይህን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1983 በዝርዝር ጽፈው ስም ሰጥተውታል። ሁኔታው የሚታየው በተጎዳው ቦታ አካባቢ ብቻ ሲሆን፣ የሚቆየውም ለተወሰኑ ወራት ነው።

የጥርስ ሐኪሞች የሚያደርጉት ይህንኑ የሰውነት ጠባይ አስበው መጠቀም ነው። ሐኪሙ ቦታውን በመርፌ ያደነዝዛል፤ ሰውየው አይተኛም። ከዚያም ድዱን ገለጥ አድርጎ በጥርሶቹ ሥሮች መካከል ያለውን ጠንካራ የላይ አጥንት ብቻ በስስ መስመር ይቆርጣል። አጥንቱን ወዲያና ወዲህ አይከፍለውም፤ ከላይ ያለውን ቅርፊት ነው የሚነካው። በመጨረሻ ድዱን መልሶ ይሰፋል። ሽቦው ቀደም ብሎ ታስሮ ይቆይና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙም ሳይቆይ መግፋት ይጀምራል።

እኔ ለእህቴ ያስረዳኋት በችካል ነው። በበጋ በደረቅ መሬት የተተከለ የበሬ ማሰሪያ ችካል ቢገፉት አይነቃነቅም። ዝናብ ሲዘንብበትና አፈሩ ሲርስ ግን ያው ችካል በትንሽ ጉልበት ይዘማል። ፀሐይ ሲመለስ መሬቱ ደግሞ ይጠነክራል፤ ችካሉም በዘመመበት ይቀራል። የቀዶ ሕክምናው ጥቅም ለጥቂት ወራት እንደ ዝናቡ መሆን ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጠማማ ጥርስን በአጥንት ቀዶ ሕክምና ለማቃናት የተደረገው ሙከራ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1959 ሃይንሪሽ ኮለ የተባሉ ሐኪም ዘዴውን በሰፊው ጽፈው አሳወቁት። እሳቸው ጥርሱ ከተቆረጠው አጥንት ጋር እንደ አንድ ብሎኬት አብሮ የሚሄድ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን ዊልያምና ቶማስ ዊልኮ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማች የጥርስ ሐኪሞች የበሽተኞቻቸውን መንጋጋ በሲቲ ስካን ተመልክተው ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ገለጹ። ብሎኬት ሆኖ የሚሄድ ነገር የለም፤ አጥንቱ ማዕድኑን ለጊዜው ይለቃል፣ በኋላም መልሶ ይሞላል። በዚያው ጽሑፋቸው ያቀረቧቸው ሁለት ሰዎች ሕክምናቸው በስድስት ወር ገደማ አልቆላቸዋል። ወንድማማቾቹ ድዱን ከመስፋታቸው በፊት የአጥንት ዱቄት ይጨምሩበት ነበር፤ ይህም ጥርሱ የሚያርፍበት አጥንት እንዳይሳሳ ነው።

ከዚያም ወዲህ ዘዴው እየቀለለ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሰርጅ ዲባርት የተባሉ ሐኪምና ጓደኞቻቸው ድዱን ሳይገልጡ፣ በትንንሽ ስንጥቅ በኩል በሚንቀጠቀጥ ስስ መሣሪያ አጥንቱን መንካት እንደሚቻል አሳዩ። ሌሎች ደግሞ አጥንቱን በቀጭን መሣሪያ ጥቂት ቦታ መብሳት ብቻ ይበቃል ይላሉ።

ጥቅሙ እስከ ምን ድረስ ነው?

እህቴ እስከዚህ ድረስ ስሰማት ደስ አላት። «እንዲያ ከሆነማ ምን ያከራክራል?» አለች። እኔ ግን ቀሪውንም እንድትሰማ ለመንኋት። እናንተም ስሙኝ።

አንደኛ፣ አጥንቱ ለስልሶ የሚቆየው ከአራት እስከ ስድስት ወር ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል፤ ጥርሱም እንደ ማንኛውም ሰው ጥርስ በዝግታው ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ሕክምናው ያለ ጉዳት አይደለም። ለጥቂት ቀናት ፊት ያብጣል፣ ያማል፣ ምግብም ለስላሳ መሆን አለበት። ሥራው በጥንቃቄ ካልተሠራ ድድ ሊሸሽ፣ የጥርስ ሥር ሊነካ፣ ቁስሉም ሊመረቅዝ ይችላል። የድድ በሽታ ያለበት ሰው በሽታው ሳይድን ይህን ማድረግ የለበትም። እንደዚሁም ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚወስዱ፣ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የሚውጡ፣ የስኳር ሕመማቸው በቁጥጥር ሥር ያልዋለ ሰዎች ይህን ለሐኪማቸው አስቀድመው መንገር አለባቸው። ማስታገሻን በሚመለከትም ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከአይቡፕሮፌን ይልቅ ፓራሲታሞል ይመርጣሉ፤ አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ለአጥንቱ ሥራ መፋጠን የሚያስፈልገውን መቆጣት ስለሚያበርዱት ነው።

ሦስተኛ፣ ማስረጃው እንደሚወራለት የጠነከረ አይደለም። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የተደረጉትን ጥናቶች መርምሮ ነበር። መመዘኛውን ያሟሉት 4 ጥናቶች ብቻ ሆነው ተገኙ፤ በአራቱም ውስጥ የነበሩት ሰዎች ተደምረው 57 ነበሩ። ጥርሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጠን ብሎ እንደሚሄድ የሚያመለክት ነገር አለ። ጠቅላላው ሕክምና ምን ያህል እንደሚያጥርና ከዓመታት በኋላ ድዱና አጥንቱ እንዴት እንደሚሆኑ በእርግጠኝነት ለመናገር ግን ጥናቶቹ አልበቁም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናቶች ቢጨመሩም፣ ጥንቃቄ የሚመክሩት ሐኪሞች ዛሬም ይህንኑ ይላሉ።

አራተኛ፣ በዕድገት ላይ ላሉ ልጆች ይህ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የልጅ አጥንት በተፈጥሮው ቶሎ ይፈርሳል፣ ቶሎም ይገነባል። ስለዚህ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ያላት እናት «አጥንቱ ይቆረጥ» ብትባል፣ ለምን እንደሆነ አጥብቃ መጠየቅ ይገባታል።

ለመካነ ሰላም ሰው የሚሆነው ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ ያላገኘሁት፣ ልጅቱ ራሷ በደብተሯ ላይ ያሰላችው ነው። የሒሳብ መምህርት መሆኗ እዚህ ላይ ጠቀመን።

መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው ጠዋት ተነሥቶ፣ በአቀስታ በኩል የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ ደሴ ያድራል፤ በማግሥቱ አዲስ አበባ ይገባል። ለመሄድ ሁለት ቀን፣ ለመመለስ ሁለት ቀን ነው። ደርሶ መልሱ ከ1,100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ሽቦ ብቻ የታሰረ ሰው ሐኪሙን የሚያየው በየስድስት ሳምንቱ ነው እንበል። ሁለት ዓመት 104 ሳምንት ነው፤ ለስድስት ሲካፈል 17 ጉዞ ይሆናል። አጥንቱ የተቆረጠ ሰው ደግሞ ለስልሶ ያለው ጊዜ እንዳያመልጠው ሐኪሙን በየሁለት ሳምንቱ ማየት አለበት። ስምንት ወር 35 ሳምንት ያህል ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 17 ጉዞ ይሆናል። ልጅቱ ደብተሯን ወደ እናቷ አዙራ «እማዬ፣ ሁለቱም አሥራ ሰባት ነው» አለቻት። እህቴ ፊደል የቆጠረች ናትና ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አየቻቸው።

ከዚህም ሌላ ልዩነት አለ። በየስድስት ሳምንቱ የምትሄድ መምህርት ርእሰ መምህሩን አስፈቅዳ፣ ያመለጠውን ክፍለ ጊዜ ቅዳሜ አካክሳ ሥራዋን ልትይዝ ትችላለች። በየሁለት ሳምንቱ አራትና አምስት ቀን የምትጠፋ ግን ሥራዋን ትታ አዲስ አበባ መክረም ይኖርባታል። ደግሞም ዛሬ ከኒኬልና ከቲታኒየም የሚሠራው ሽቦ ለብዙ ሳምንታት ሳይዝል የሚገፋ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ቀጠሮው እስከ ስምንት ሳምንት ሊራዘም ይችላል። ያን ጊዜ 17 የነበረው ጉዞ ወደ 13 ይወርዳል። አዲስ አበባ፣ ሐኪሙ አጠገብ ለሚኖር ሰው የቀዶ ሕክምናው ትርፍ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ደጋ ላይ ለምንኖረው ግን የሚያጥረው የወራቱ ቁጥር እንጂ የጉዞው ቁጥር አይደለም።

ስለ መንገዱም መዘንጋት የለበትም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው የጸጥታ ችግር መንገድ ተዘግቶ ሰው ካሰበበት ሳይደርስ የቀረባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ሽቦ ብቻ የታሰረ ሰው ቀጠሮ ቢያልፈው የሚደርስበት መዘግየት ነው። አጥንቱ የተቆረጠ ሰው ግን ለስልሶ ያለው ጊዜ በከንቱ ያልፍበታል፤ ሕመሙንም ገንዘቡንም በከንቱ ከፈለ ማለት ነው።

ያልበቀለው ክራንቻ

እህቴ ይህን ሁሉ ሰምታ «የቀኙ ክራንቻስ?» አለች። አጥንት ቢቆረጥም፣ ሽቦ ቢታሰርም የሌለ ጥርስ አይበቅልም። ሐኪሙ በራጅ ሲያየው በቀኝ በኩል የክራንቻው ፍሬ ከነጭራሹ አልነበረም። በግራ በኩል ያለውም ቅርጹ የተበላሸ ነው። ሐኪሙም «ሕፃን ሳለሽ ግግ ወጥቶልሻል?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

አዎን፣ ወጥቶላት ነበር። የስድስት ወር ሕፃን ሳለች ተቅማጥ ያዛትና አያቷ ለአንዲት አዋቂ አሳይታ በሁለቱም በኩል አስወጣቻት። በዚያን ጊዜ በመንደሩ ሁሉ የሚደረግ ነበር፤ በክፋትም አልተደረገም። ነገር ግን «ግግ» እየተባለ የሚወጣው ትል ወይም በሽታ ሳይሆን፣ ገና ከድድ ያልወጣው የወተት ክራንቻ ነው። ነጭና ለስላሳ ሆኖ የሚታየው ገና ስላልጠነከረ ነው። ከእሱ በላይ፣ እዚያው አጥንት ውስጥ፣ በ11 ወይም በ12 ዓመት ሊወጣ የሚገባው የቋሚው ክራንቻ ፍሬ አለ። የሚጎረጉረው መሣሪያ ከወተቱ ጥርስ ጋር እሱንም ያጠፋዋል ወይም ያጣምመዋል። ወደ እስራኤል የሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆች በዚያ አገር ጥርሳቸው ሲመረመር፣ ሐኪሞቹ የጎደሉና የተበላሹ ክራንቻዎች አግኝተው የጻፉት ስለዚሁ ልማድ ነው። ጥርሱ ይቅርና፣ ባልተቀቀለ ምላጭ ወይም ሽቦ ድዳቸው የተጎረጎረ ሕፃናት ደም ፈሷቸው፣ ቁስላቸውም መርቅዞ ለሞት የሚዳረጉበት ጊዜ አለ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ሕፃናትን የሚጎዳ ሰው እንዲቀጣ ይደነግጋል።

ይህን የምነግራችሁ ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም። በዚሁ በያዝነው ዓመት በቤታችን የአምስት ወር ሕፃን ተቅማጥ ያዘው፤ ጎረቤቶችም «ግጉ ነው፣ ድዱን እዩት» አሉ። እውነትም ድዱ አበጥ ብሎ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ማበጡ ግን ደንብ ነው። ያን ዕለት ከሁላችን ቀድማ የተናገረችው እህቴ ናት። «አንዷ ትበቃኛለች» ብላ ሕፃኑን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። የሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ተሰጠው፤ የእናቱን ጡት ሳያቋርጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ተሻለው። ክራንቻዎቹም በቦታቸው አሉ።

ስለ ልጅቱ ብትጠይቁኝ፣ በራሷ ምርጫ ሽቦውን ብቻ አሰረች። አስቀድማ ጥርሷ ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ አስጠርጋ ድዷ እስኪድን ጠበቀች። ሠርጓም በቀኑ ተደረገ፤ ሽቦው እንደ ታሰረ ነበር። ዛሬ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የግራው ክራንቻ ግማሽ መንገድ ወርዷል። በቀኝ በኩል ያለው ክፍተት ይዘጋ ወይስ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይተከልበት የሚለውን ገና ከሐኪሟ ጋር እየተነጋገረች ነው። አንድ ጊዜ መንገድ ተዘግቶባት ቀጠሮዋ በአንድ ወር አልፏል፤ ሐኪሟም ሥራው ዘገየ እንጂ አልተበላሸም ብሏታል። እህቴ ግን አሁንም አልፎ አልፎ «ይኸኔ አልቆ ነበር» ማለቷን አልተወችም። እኔም አልከራከራትም፤ የእናት ጉጉት ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጃችሁ ወይም እናንተ ራሳችሁ ይህ ሕክምና ቢቀርብላችሁ፣ ለሐኪሙ የሚከተሉትን ለመጠየቅ አትፈሩ። መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም።

1ኛ. ጥርሱ የሚቃናው ለመልክ ነው ወይስ ለማኘክና ለንጽሕና ችግር ስላለ?

2ኛ. ድዱ ጤናማ ነውን? ካልሆነ መጀመሪያ ምን ይደረግለታል?

3ኛ. ያለ ቀዶ ሕክምና ስንት ወር ይፈጃል? ከቀዶ ሕክምናው ጋርስ? ቀጠሮውስ በየስንት ሳምንቱ ነው?

4ኛ. ቀጠሮ ቢያልፈኝ ምን ይሆናል? እብጠት ወይም ትኩሳት ቢመጣብኝ በአቅራቢያዬ ማን ሊያየኝ ይችላል?

5ኛ. ሽቦው ከተፈታ በኋላ ጥርሱ እንዳይመለስ ማቆያው እስከ መቼ ይደረጋል?

የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ይዘነጋል። ጥርስ በሽቦም ይቃና በቀዶ ሕክምና ታግዞ፣ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ይወዳል። ስለዚህ ማቆያ የሚባለው መሣሪያ ለረጅም ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜም ማታ ማታ ለዓመታት መደረግ አለበት። ለዚህ የማይታገሥ ሰው ሁለቱንም መንገድ ባይጀምረው ይሻላል። ሽቦ የታሰረ ጥርስ ምግብ በቀላሉ ስለሚይዝም ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በብሩሽ መጽዳት ይኖርበታል። መፋቂያ ያለው ሰው መፋቂያውን አይተው፤ በሽቦው ሥር ግን መፋቂያ ብቻውን አይደርስም።

አንድ ነገር ላክልና ልጨርስ። በአገራችን የላይኛው ፊት ጥርስ መካከል ያለው ፍንጭት ውበት ነው። በሌላ አገር መጽሐፍ ተምሮ የመጣ ሐኪም ግን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ልዝጋው ሊል ይችላል። ፍንጭት ያላት ሴት ካልፈለገች «እሱ ይቆይልኝ» የማለት መብት አላት። በተቃራኒውም ተጣቦ የበቀለ ጥርስ ለማጽዳት አስቸግሮ ድዷን የሚያደማባት እህት «ለውበት ብላ ነው» ተብላ ልትታማ አይገባትም። የሚታከመውንና የማይታከመውን መለየት የባለ ጥርሷ ፈንታ ነው፤ የሐኪሙ ድርሻ ደግሞ ጥቅሙንና ጉዳቱን ሳይሸሽግ መንገር ነው።

እናቶች፣ በቤታችሁ ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን ካለ ድዱን ለማንም አታስነኩ፤ ተቅማጥ ከያዘው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ልጃችሁ ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሞላው፣ የወተት ጥርሶቹ መርገፍ ሲጀምሩ፣ ከቻላችሁ አንድ ጊዜ ለጥርስ ሐኪም አሳዩት። በዚያ ዕድሜ የታየ መጣበብ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይታረማል፤ አጥንት መቁረጥም ላያስፈልግ ይችላል።

በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።